ነጭ ስኒከር ያደረገው ፖሊስ

ባለፈው ክረምት ነው። የእህቴ ልጅ ባጃጅ ይነዳል። ማታ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር ሰው አድርሶ ባዶውን ሲመለስ፣ መብራት በጠፋበት ኩርባ ላይ አንድ ሰውዬ እጁን ዘረጋበት። የፖሊስ ኮፍያ አድርጓል። የፖሊስ ጃኬት ደርቧል። ባትሪ ይዟል።

"ጥግ ያዝ!"

ልጁ ያዘ።

"መንጃ ፈቃድ።" ሰጠው። "ሊብሬ።" እሱንም ሰጠው። ሰውየው በባትሪው አገላብጦ አየና ቁልፉን ነቅሎ ኪሱ ከተተ። "ነገ ጣቢያ መጥተህ ትወስዳለህ። ወይ እዚሁ እንጨርስ።"

እንጨርስ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለባጃጅ ሹፌር አይነገረውም። የዕለቱን ገቢ ስምንት መቶ ብር አውጥቶ ሰጠ። ቁልፉን ተቀብሎ ነዳው።

ቤት ሲገባ "ፖሊስ በላኝ" ብሎ መደቡ ላይ ተዘረረ። እህቴ ቡና እያፈላች ነበር። ምን እንዳሰበች እንጃ፣ መጀመሪያ የጠየቀችው ስለ ጫማ ነው።

"ምን ተጫምቷል?"

"እ?"

"እግሩ ላይ ምን ነበር?"

ልጁ አሰብ አደረገ። "ነጭ ስኒከር።"

"ሱሪውስ?"

"ጂንስ... መሰለኝ።"

እህቴ ጀበናዋን አስቀመጠች። "አይ ልጄ! ፖሊስ አልበላህም። ሌባ ነው የበላህ።"

ልጁ ብድግ ብሎ ወደ እኔ ዞረ። "ጋሼ፣ ይኼ ሰውዬ ቢያዝ ስንት ዓመት ይገባል?"

እንደ ዋዛ ልመልስለት አፌን ከፈትሁና መልሼ ዘጋሁት። አላውቀውም ነበር። ከዚያ ወዲህ ሕጉን ሳገላብጥ፣ የሕግ ሰዎችንም ስጠይቅ ቆየሁ። ያገኘሁትን እንደ ገባኝ ላካፍላችሁ።

መልሱ አንድ ቁጥር አይደለም። አብዛኛው ሰው "ፖሊስ መስሎ የቀረበ ይህን ያህል ዓመት ይታሰራል" የሚል አንድ መስመር ያለ ይመስለዋል። ሕጉ ግን የሰውየውን አምስት ደቂቃ እንደ እንጀራ ቆራርሶ ነው የሚያየው። ኮፍያው አንድ ነገር ነው። "ጥግ ያዝ" ማለቱ ሌላ ነው። ብሩን መቀበሉ ደግሞ ሌላ።

ከብሩ እንጀምር፤ እሱ ነው ልጁን ያቃጠለው።

ዛሬ የምንሠራበት የወንጀል ሕግ አዋጅ ቁጥር 414/1996 ነው። የ1949ኙን የጃንሆይ ዘመን ሕግ ተክቶ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ጀምሮ ይሠራል። (የአገራችን ሕጎች ዓመት በእኛ አቆጣጠር ነው። የውጭ ሲሆን እ.ኤ.አ. እላለሁ።) አንቀጽ 692 ስለ አታላይነት ይናገራል። በእኔ አማርኛ ሲነገር እንዲህ ነው፦ የማይገባውን ጥቅም ለማግኘት ብሎ በሐሰት ቃል፣ ወይም ያልሆነውን ነኝ ብሎ፣ ወይም መግለጥ የሚገባውን ደብቆ ሌላውን ሰው ያሳሳተና ንብረቱን የሚጎዳ ነገር እንዲያደርግ ያደረገ ሰው ይቀጣል። "ያልሆነውን ነኝ ብሎ" የምትለዋ የኛን ሰውዬ ልክክ ብላ ትይዘዋለች። ቅጣቱ ቀላል እስራት ነው። ነገሩ ከበድ ሲል ደግሞ እስከ 5 ዓመት የሚደርስ ጽኑ እስራት፣ ከመቀጮ ጋር።

ቀላልና ጽኑ የሚሉትን ቃላት ሰው ያምታታቸዋል። ቀላል እስራት ስሙ ነው እንጂ ለሚታሰረው ቀላል አይደለም። ከ10 ቀን እስከ 3 ዓመት ይደርሳል፤ ወንጀሉ ሲከብድ፣ ሲደራረብ ወይም ሲደጋገም እስከ 5 ዓመትም ሊሄድ ይችላል። ያን ያህል አደገኛ ላልሆነ ሰው፣ ያን ያህል ከባድ ላልሆነ ወንጀል የታሰበ ነው። ጽኑ እስራት ከ1 ዓመት ይነሣና እስከ 25 ዓመት ይዘልቃል። ሕጉ ለይቶ በጠቀሰው ጊዜ ዕድሜ ልክም ይሆናል። ስለዚህ "5 ዓመት ተፈረደበት" ብቻ ሲባል ታሪኩ ሙሉ አይደለም። የትኛው 5 ዓመት?

አሁን አንድ ነገር እንቀይር። ያ ሰውዬ በባትሪው ፈንታ ጩቤ ወይም ሽጉጥ ይዞ ቢሆንስ? ያኔ ነገሩ ከማታለል አልፎ ውንብድና ይሆናል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 670 ለውንብድና ከ1 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀምጣል። በመሣሪያ ወይም በቡድን ከሆነ ቀጣዩ አንቀጽ ከ5 እስከ 25 ዓመት ያደርሰዋል። በዚያው መዘዝ ሰው ከሞተ ወይም ለዘለቄታው አካሉ ከጎደለ ዕድሜ ልክ እስከ ሞትም ይሄዳል። ብሩ ያው ስምንት መቶ ብር ነው። ኮፍያውም ያው ነው። የተለወጠው ልጁ ብሩን የሰጠበት ምክንያት ነው። አምኖ ነው የሰጠው ወይስ አንገቱ ላይ ነገር መጥቶበት?

እዚህ ላይ አንድ ጠበቃ ወዳጄ ሣቅ ብሎ "እሱ ላይ ነው እኛ እንጀራ የምንበላው" አለኝ። እውነቱን ነው። የደንብ ልብስ ራሱ ያስፈራል። የእህቴ ልጅ አምኗል፤ ግን ፈርቷልም። ፍርሃቱ ከልብሱ ነው የመጣው ወይስ ከሰውየው? ዐቃቤ ሕጉ አንድ ይላል፣ ተከላካይ ጠበቃው ሌላ ይላል። ዳኛው ከመካከል ይመዝናል።

"ጥግ ያዝ" ወደሚለው እንምጣ። መንገድ ላይ ሰው ማስቆም፣ ቁልፍ መንቀል፣ ቤት መፈተሽ፣ ሰው ይዞ መሄድ የመንግሥት ሥልጣን ነው። ሳይሰጠው ይህን የሚሠራ ሰው የሚያጠፋው በመንግሥት ሥራ ላይም ነው። የወንጀል ሕጉ ይህን አድራጎት ከሰው ንብረት ወንጀሎች ለይቶ በመንግሥት ሥራ ላይ ከሚፈጸሙት መካከል አስቀምጦታል። በተጨማሪ የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 አለ። እዚያ ውስጥ "በሌለው ሥልጣን መጠቀም" የሚባል ወንጀል አለ። ሥልጣን ሳይኖረው ያለው አስመስሎ ጥቅም ለማግኘት የሚሞክር ሰው ይገባበታል። ሙስና የሚባለው የሹም ብቻ የሚመስለን ሁሉ እዚህ ላይ ቆም ብንል ደግ ነው። ተራ ሰውም በሌለው ሹመት ሙሰኛ ሊሆን ይችላል።

በነገራችን ላይ ይህ ወንጀል የደንብ ልብስ አይጠይቅም። የጠላ ቤቱን ሰውዬ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሦስተኛው ጣሳ ላይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ከደህንነት ነኝ" የሚለውን። ደህንነት መለዮ ስለሌለው ውሸቱ ርካሽ ነው፤ ጨለማ መነጽርና የተጣጠፈ ጋዜጣ ይበቃዋል። ለጉራ ብቻ ከሆነ እሱን የሚቀጣው ሚስቱ ናት። "የታሰረ ወንድምሽን አስፈታልሻለሁ፣ አምስት ሺህ ብር ብቻ አምጪ" ያለ ቀን ግን ነገሩ ተለወጠ። ጠላውን ትቶ ክስ ይጠጣል።

እነዚህ ቁርጥራጮች አንድ ላይ ሲመጡ ምን ይሆናል? ሕጉ ተደራራቢ ወንጀሎች ይላቸዋል። በመርህ ደረጃ ለእያንዳንዱ የሚገባው ቅጣት ይሰላና ይደመራል። ሐሰተኛ መታወቂያ ካለው ሰነድ ማስመሰሉና በሐሰተኛ ሰነድ መገልገሉ ይጨመራል። "ብርበራ ነው" ብሎ ሰው ቤት ከገባ ደግሞ የመኖሪያ ቤትን መድፈር አለ። "ትፈለጋለህ" ብሎ ሰው ይዞ ከሄደ ከሁሉ ይከብዳል፤ ከሕግ ውጭ ሰውን ነፃነት ማሳጣትና ጠለፋ ውስጥ ይገባል። "ራሱ ነው እኮ አብሮኝ የመጣው" የሚል መከላከያ እዚያ ብዙ አያስኬድም። ተታልሎ የሄደ ሰው ወዶ ሄደ አይባልም።

እና ልብሱ ብቻውንስ? ማለትም ለብሶ ማንንም ሳያስቆም፣ ምንም ሳይቀበል የሚሄድ ሰው?

ይህን ለማስረዳት ጥር 11 ቀን ፋሲለደስ መዋኛ ልውሰዳችሁ። ታቦታቱ አድረው ጠዋት ሕዝቡ ውኃውን ከቦ ሲጋፋ፣ አንድ ዓይነት ቲሸርት የለበሱ ጎረምሶች እጅ ለእጅ ተያይዘው "ወደ ኋላ! ወደ ኋላ በሉ!" ይላሉ። ሕዝቡም ይመለሳል። ሽማግሌው ይመለሳል፣ ከአሜሪካ የመጣውም ካሜራውን እንደያዘ ይመለሳል። እነዚያ ልጆች ሰውን የማዘዝ የሕግ ሥልጣን የላቸውም። ወንጀልም አልሠሩም። ፖሊስ ነን አላሉም፣ ፖሊስም አልመሰሉም። የምንታዘዛቸው የእኛው ልጆች ስለሆኑና ነገሩ ደግ ስለሆነ ነው። ፊልም የሚሠራ ተዋናይም፣ ጡረታ ወጥቶ የድሮ ልብሱን ሳሎን የሰቀለ አባትም እንደዚሁ ናቸው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 23 አንድ አድራጎት ወንጀል ለመሆን ሕጋዊ፣ ግዙፋዊና ሞራላዊ ፍሬ ነገሮች ባንድ ላይ መሟላት አለባቸው ይላል። ሕጉ ከልክሎት መሆን አለበት፤ ድርጊቱ መፈጸም አለበት፤ ሐሳቡም መኖር አለበት። ሐሳብ የጎደለው ኮፍያ ኮፍያ ነው። ሐሳብ ኖሮት ጀምሮ ያልተሳካለት ግን አያመልጥም፤ ሙከራም ያስቀጣል። የእህቴ ልጅ ገንዘብ አልሰጥም ብሎ ነድቶ ቢሄድ ኖሮ ሰውየው ነፃ ነበር ማለት አይደለም።

እንግሊዞች ይህን በሦስት ደረጃ ከፍለውታል፤ እንደዚያ ጥርት ብሎ የተቀመጠ አላየሁም። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው የፖሊስ ሕጋቸው አንቀጽ 90 ላይ ሰው ለማሳሳት አስቦ ፖሊስ ነኝ ያለ እስከ 6 ወር እስራት አለበት። ፖሊስ የሚያስመስል ልብስ ሰው ሊያሳስት በሚችል ሁኔታ የለበሰ በገንዘብ ይቀጣል። የፖሊስ ልብስ ይዞ ከየት እንዳመጣው በቂ ምክንያት ማቅረብ ያልቻለ ደግሞ ከዚያ ባነሰ ገንዘብ። አሜሪካኖች በፌዴራል ሕጋቸው የመንግሥት ባለሥልጣን ነኝ ያለን ሰው እስከ 3 ዓመት ያስራሉ፤ ግን ነኝ ማለቱ ብቻ አይበቃም፣ እንደ ባለሥልጣን አንድ ነገር መሥራት ወይም ዋጋ ያለው ነገር ማግኘት ወይም መጠየቅ አለበት። ካሊፎርኒያ የእሳት አደጋ ሠራተኛ መስሎ ለሚቀርብም ለብቻው አንቀጽ አላት። ካናዳ እስከ 5 ዓመት ትሄዳለች።

የካናዳው ነገር ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2020 ኖቫ ስኮሺያ በሚባል ግዛት አንድ ሰው ከአገልግሎት የወጣ የፖሊስ መኪና ገዝቶ፣ ምልክት ለጥፎ፣ የፖሊስ ልብስ ለብሶ በሁለት ቀን ውስጥ 22 ሰው ገደለ። የሚያሳድዱት ፖሊሶች እንኳ መኪናውን ከራሳቸው መለየት ተቸግረው ነበር። ከዚያ በኋላ ግዛቲቱ የፖሊስ ልብስ፣ ምልክትና ዕቃ ማን መያዝ፣ ማን መሸጥ እንደሚችል የሚወስን ሕግ አወጣች። ችግሩን ከጨርቁ ምንጭ መያዝ ማለት ነው። ይህን ሳነብ ያሰብሁት ቅዳሜ ገበያን ነው። እዚያ ለአንድ ልብስ ሰፊ ሱሪ ላሳጥር ስሄድ "የመለዮ ልብስ ይዞ ለሚመጣ መታወቂያ ትጠይቃለህ?" አልሁት። መርፌውን ከአፉ ሳያወጣ "እኔ የምጠይቀው መቼ ትወስደዋለህ ብዬ ነው" አለኝ።

ሕንዶች ደግሞ ከመንገድ ወደ ስልክ የተሻገረውን አይተዋል። የደንብ ልብስ የለበሰ ሰው በቪዲዮ ይደውላል። ከኋላው ባንዲራና ጠረጴዛ አለ። "በስምህ ሕገ ወጥ ዕቃ ተይዟል፣ ከካሜራው ፊት እንዳትነሣ፣ ታስረሃል" ይላል። ዲጂታል አሬስት ይሉታል። ሰዎች በየቤታቸው ስልካቸው ፊት ተቀምጠው ለሰዓታት "ታስረው" ያጠራቀሙትን ሁሉ ልከዋል። ሕንድ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2024 ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለችው አዲስ የወንጀል ሕግ የመንግሥት ሠራተኛ መስሎ መሥራት ከ6 ወር የማያንስ እስከ 3 ዓመት የሚደርስ እስራት አለው። የድሮው ሕጋቸው ዝቅተኛ ወለል አልነበረውም፣ ጣሪያውም 2 ዓመት ነበር። እኛ ዘንድ "ከጣቢያ ነው የምደውለው" ብሎ ብር በስልክ እንዲላክለት የሚጠይቅ ሰው ያው በአንቀጽ 692 ይጠየቃል፤ በኮምፒውተር ሥርዓት ከተሠራ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008ም ሊመጣበት ይችላል። በስልክ ሰው ስላሰረ ፖሊስ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

አንድ ነገር እንዳይምታታ። እውነተኛ ፖሊስ፣ እውነተኛ ልብሱን ለብሶ "እዚሁ እንጨርስ" ካለ ማስመሰል አይደለም። ያ ጉቦና ሥልጣንን ያለ አግባብ መገልገል ነው፤ መንገዱም ቅጣቱም ሌላ ነው። ለተበላው ሰው ስምንት መቶው ያው ስምንት መቶ ነው። ግን አቤቱታ ሲጻፍ ልዩነቱ ይወስናል። የእህቴ ልጅ ያን ማታ በስሜት "ፖሊስ ጉቦ ተቀበለኝ" ብሎ ቢጽፍ ኖሮ ምርመራው የሌለ ፖሊስ ፍለጋ ይሄድ ነበር። ሌባውም ስኒከሩን አጥቦ ይተኛ ነበር። ስለዚህ የምትጽፉት ያያችሁትን ነው፦ ኮፍያ፣ ጃኬት፣ ጂንስ፣ ነጭ ጫማ፣ ቁመት፣ ድምፅ፣ ሰዓት። ማን እንደሆነ መርማሪው ይወስን።

ፖሊስን ብዙ አወራሁ። አምቡላንስም አለ።

የቀይ መስቀልን ምልክት እንደ ጌጥ የሚያይ ሰው ብዙ ነው። ፋርማሲ ላይ ይሳላል፣ የመድኃኒት ሣጥን ላይ ይለጠፋል። ምልክቱ ግን በእ.ኤ.አ. 1949ኙ የጄኔቫ ስምምነቶች የተጠበቀ ነው። የወንጀል ሕጋችንም የእነዚህን የእርዳታ ድርጅቶች ዓርማ ያለ ፈቃድ መጠቀምን ለይቶ ይቀጣል። ለምን ይህን ያህል? መልሱ በገዛ አገራችን ታሪክ ውስጥ አለ። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የተቋቋመው በ1927፣ ጣሊያን ሊመጣ ሲል ነው። ወዲያው በ1928 ጦርነቱ ተነሣ። ደሴ ላይ ምልክቱ ያለበት ሆስፒታል ተደበደበ። ታኅሣሥ ላይ በደቡብ ግንባር መልካ ዲዳ የስዊድን ቀይ መስቀል ሰፈር ከአየር ተመታ። ጣሊያን ምን አለ? ኢትዮጵያውያን በምልክቱ እየተሸፈኑ ነው አለ። ያ ክስ ለቦምቡ ሰበብ ሆነ። አንድ ሰው መሣሪያ በአምቡላንስ አሳለፈ ሲባል የሚጎዳው ያ አምቡላንስ ብቻ አይደለም። ቀጥሎ ምጥ የያዛትን ሴት ይዞ የሚመጣው ኬላ ላይ ይቆማል፣ ይፈተሻል፣ ሰዓት ይሄዳል። ከወረዳ ወደ ጎንደር በሪፈር የመጣ ሰው ያለው ቤተሰብ የዚያን ሰዓት ዋጋ ያውቃል።

ነጩ ጋውንም ከዚሁ ይቆጠራል። እ.ኤ.አ. በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የተከፈተባት ከተማ ናትና ጎንደር ውስጥ ጋውን የለበሰ ሰው "ዶክተር" ይባላል፤ ነርስ ይሁን ተማሪ የሚጠይቅ የለም። አንድ ጊዜ አንድ ሆስፒታል በር ላይ ጋውን የለበሰ ወጣት ከገጠር የመጡ አባት "ቶሎ አስገባዎታለሁ" ሲላቸው አየሁ። ገንዘቡን ከመቀነታቸው ፈትተው ሰጡት። ልጁ በአንደኛው በር ገብቶ በሌላኛው ወጣ። አባት እስከ ዘጠኝ ሰዓት በሩን እያዩ ተቀምጠው ነበር። ያ አታላይነት ነው። መርፌ ቢወጋቸው ኖሮ ያለ ፈቃድ የሕክምና ሥራ መሥራት ተጨምሮ ሌላ ከባድ ነገር ይሆን ነበር።

በሩ ላይ ቆመህ ምን ትላለህ የሚለው ነው ዋናው የሰዉ ጥያቄ። በተለይ እኛ ዘንድ። የእገታ ወሬ በበዛበት ዘመን፣ የክልል ፖሊስ፣ ፌዴራል ፖሊስ፣ አድማ ብተና፣ ሚሊሻ፣ መከላከያ እያለ ልብሱ በተለያየበት ከተማ፣ ማታ በር ሲንኳኳ ልብ ይመታል። ሐምሌ 28 ቀን 2015 የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ጸንቶ በቆየባቸው አሥር ወራት ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ መፈተሽ ተፈቅዶ ነበር። ያ ጊዜ ሰዉን ሳይጠይቅ በር መክፈት አስለመደው። በደህናው ጊዜ ሕግ ግን ነገሩ እንዲህ አይደለም። በ1954 የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ቤት ለመበርበር የፍርድ ቤት ትእዛዝ ይጠይቃል፤ እጅ ከፍንጅ ተይዞ ሲያመልጥ የገባን ሰው መከተል የመሳሰሉ ልዩ ሁኔታዎች ሲቀሩ። ብርበራውም ፍርድ ቤቱ ሌላ ካላዘዘ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ላይ የተያዘ ሰው የተያዘበት ምክንያት በሚገባው ቋንቋ ወዲያው እንዲነገረው ያዛል። በ48 ሰዓት ውስጥም ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ የመንገዱ ጊዜ ሳይቆጠር።

ይህን በቃል የያዘ ሰው ጥያቄው አጭር ነው። "ጌታዬ፣ ከየትኛው ጣቢያ ነው የመጡት? ትእዛዙን ላየው?" በትሕትና፣ በአንቱታ። እውነተኛው ፖሊስ ሊቆጣ ይችላል፣ ግን መልስ አለው። ሐሰተኛው መልስ የለውም፤ የሚያደርገው ማጣደፍ ነው። "ቶሎ! ቶሎ በል!" ይላል። ስልክ ቁጥር ከሰጣችሁ በእሱ አትደውሉ፤ ያ የጓደኛው ስልክ ነው። የሰፈራችሁን ጣቢያ ቁጥር በደህና ቀን ስልካችሁ ላይ ጫኑት። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፣ እሱንም። ሲቪል ለባሽ ፖሊስ መኖሩንም አትርሱ፤ ልብስ የሌለው ሁሉ ሐሰተኛ አይደለም። እና መሣሪያ ካለ ክርክሩ ይቅር። ሕግ ለነገ ነው፣ ነፍስ ለዛሬ።

ያ ሰውዬ በሰፈር ሰው እጅ ከፍንጅ ቢያዝስ? ተራ ሰውም እጅ ከፍንጅ የተገኘን ወንጀለኛ መያዝ እንደሚችል ያው የሥነ ሥርዓት ሕግ ይፈቅዳል፤ ወዲያው ለፖሊስ ማስረከብ ግን አለበት። መያዝ ማለት ግን መያዝ ነው። ድንጋይ ያነሣ ሰው ተበዳይ መሆኑ ቀርቶ ተከሳሽ ይሆናል። የደቦ ፍርድ ያየ ሰው ይህን ደግሜ እንድነግረው አይፈልግም። ደግሞስ "ፖሊስ አይደለም!" እያለ የሚጮኸው ራሱ ተሳስቶ ቢሆንስ?

የእህቴ ልጅ ገንዘብ አልተመለሰም። አቤቱታውን ጽፎ ሰጥቷል፣ ጉዳዩ ገና ነው። እሱ ግን ከዚያ ወዲህ አንድ ጠባይ አምጥቷል። ማን ቢያስቆመው መጀመሪያ የሚያየው እግር ነው።

ባለፈው ሳምንት አዘዞ መንገድ ላይ ትራፊክ አስቆመው። ልጁ ጎንበስ ብሎ ጫማውን አየ። ጥቁር፣ የተወለወለ።

"ምን ጠፋብህ?" አለው ትራፊኩ።

"ምንም ጌታዬ።"

ትርፍ ሰው ጭኖ ነበርና ቅጣቱን በወረቀት ጻፈለት። ማታ እህቴ ወረቀቱን ተቀብላ ወደ አምፖሉ አስጠጋችው። ቁጥሩን አየች፣ ፊርማውን አየች፣ ገልብጣም ጀርባውን አየች። ከዚያ አጣጥፋ ጡቷ ሥር ከተተችውና "ይኼስ ፖሊስ ነው" አለች።